ተዘቅዝቆ የኖረው ገጽ

ሌባ ሰብሮ ይሄዳል፣ ወስዶ ይሄዳል፣ ቀን ሲጥለው ደግሞ ገድሎ ይሄዳል። አቃንቶ የሄደ ሌባ ግን መርማሪው በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ አይቶ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤቱ ውስጥ ቆሞ የከተማው ቤቶች ባለቤትነት የተጻፈበትን ሰባተኛውን ጥራዝ ቁልቁል ሲያይ፣ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ማን ነው በጠዋቱ የሚያሾፍብኝ?» የሚል ነበር።

ትከሻው ጎበጥ ያለ ረጅም ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከኋላው «ቀስ በል» ይሉታል፤ ሰው ሁሉ ሲቸኩልበት የሚመልሳት ቃል እሷ ስለሆነች።

«ቀስ ይበሉና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አላት መዝገብ ጠባቂዋን።

ሴትዮዋ አምሳን የተሻገረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ናት። እጆቿን ጥራዙ ላይ ጭና ጀመረች።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ተዘቅዝቆ ነበር። ሲጠረዝ ነው የተሳሳቱት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያን ገጽ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ መጽሐፉን አዙሬ ነው የማነበው። ዛሬ አንድ ሰውዬ መጣ፤ እንደ ልማዴ ከፈትኩና አዞርኩት። ጽሑፉ ተዘቀዘቀብኝ። መልሼ ባዞረው ቀጥ አለ።»

«ምናልባት ተሳስተው ይሆናል።»

«ኢንስፔክተር፣ ሰው የገዛ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ ይጠፋዋል?»

ሴትዮዋ ቀጠለች። ከመጨረሻው በኩል ያልተጻፈባቸው አሥራ ሁለት ሉሆች ነበሩ፤ ዛሬ ብትቆጥር አሥራ አንድ ሆኑ። የስፌቱ ክር አዲስ ነው። ስለዚህ የሆነው ግልጽ ነው፦ ዓርብ ማታና ሰኞ ጠዋት መካከል አንድ ሰው ጥራዙን ፈትቶ፣ አንድ ሉህ አውጥቶ፣ በባዶው ሉህ ላይ ያንኑ ጽሑፍ አስመስሎና አንድ ቦታ ለውጦ ጽፎ፣ በወጣው ፈንታ አስገብቶ፣ ሁሉንም እንደገና ሰፍቶታል። ሲሰፋም ተዘቅዝቆ የኖረውን ገጽ አቃንቶ።

«የትኛው ሉህ ነው የተለወጠው?»

«እሱን አላወቅሁትም። አራት መቶ ገጽ ነው፣ ቅጂ የለውም። የአንድ ሰው ቤት ተወስዷል፤ የማን እንደሆነ ግን አናውቅም።»

ቀለሙን የሚመረምረው ላቦራቶሪ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። መርማሪው የሚቀጥለውን ጥያቄ ሳይወድ ጠየቀ።

«የክፍሉ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ በእኔ እጅ፣ አንዱ በኃላፊያችን።»

«ይህን ነገር ባይናገሩ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበራ» አለች፣ የጠየቃት ነገር ግራ እንደገባት።

*

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሸበቶ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ለእንግዳ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነበር። ጡረታው ሊደርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ስለ መዝገብ ጠባቂዋ ሲጠየቅ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ታማኝ ናት። ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። ግን የሰው ሆድ ማን ያውቃል?»

«የእርስዎ ቁልፍስ?»

«ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

«ቅዳሜና እሑድ የት ነበሩ?»

«ቅዳሜ ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት የቀድሞ ጠራዣችንን በእግር ላንሸራሽረው እወጣለሁ፣ እሑድ እሑድ። ሠላሳ ዓመት የዚህን ቤት መጻሕፍት የሰፋ ሰው ነው፤ አሁን አልዛይመር ይዞታል።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው የሚያሳዝን ነበር። «ምስክሬ የሚረሳ ሰው ነው። ልጁን ይጠይቋት፤ ከቤቷ ወስጄ ወደ ቤቷ መልሼዋለሁ።»

«እርስዎ መጽሐፍ መጥረዝ ያውቃሉ?»

ኃላፊው ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ። «በእነዚህ? ቁልፍ ሲበጠስብኝ ሚስቴ ናት የምትሰፋልኝ።»

መርማሪው ሰውዬውን ወደደው። ይህን በኋላ ሲያስታውሰው ያፍርበታል፤ በዚያን ቀን ግን ማንም ቢሆን ይወደው ነበር።

ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ስልኩ ጠራ። አዛዡ ነበሩ።

«ቁልፉ የሷ፣ ክፍሉ የሷ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ራሷ ናት የጠቆመችው፣ ጌታዬ።»

«ብልጥ ሌባ ራሱ ነው ሌባ ሌባ የሚለው። የእስር ማዘዣውን ፈርሜ ልኬልሃለሁ። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካልያዝካት ሌላ ሰው ይይዛታል።»

ማዘዣው ከሰዓት መጣ። መርማሪው ማህደሩ ውስጥ ከተተው። የነገር ሽታ ግን ሰው ሳይነግረው ይደርሳል፤ መዝገብ ጠባቂዋ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ነገ ስመጣ ልብስ ልያዝ?» አለችው።

መርማሪው መዋሸት አልቻለም። «ትንሽ ይያዙ» አላት።

*

ሰባተኛውን ጥራዝ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄደ። የቀድሞው ጠራዥ ተማሪ የነበረው ሰውዬ እዚያ የራሱ ቤት አለው፤ የተመራቂዎችን ጽሑፍ ይጠርዛል። አምሳ ዓመት አካባቢ ነው፣ ቦርጩ ከሽርጡ ቀድሞ የሚወጣ። መዝገብ ቤቱ ሥራ መስጠት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እሱም ቂሙን አልደበቀም።

«ለእኔ ሥራ የለም፤ ለመጻሕፍቱ ደግሞ ሐኪም የለም። ይበሰብሱላቸው!»

መሣሪያ አለው፣ ሙያ አለው፣ ቂም አለው። መርማሪው ተስፋው ሞቅ አለ። ጥራዙን ከጨርቁ አወጣና ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ከፈተለት። ሰውዬው አይቶ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ? እኔ ነኝ ያበላሸሁት። መምህሬ ጋሽ ወስፌ ታመው የቀሩ ሳምንት ነበር። ሲመለሱ አይተው ምንም አልተናገሩኝም፤ 'አንድ ቀን ፈትቼ አቃናዋለሁ' ብቻ አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት... ቆይ። ይሄ ቀጥ ብሏል።»

«አዎ።»

ሰውዬው ጥራዙን ወደ መብራቱ ወሰደና ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ የስፌቱን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። እንደገና ዳሰሰ።

«እኔ ስሰፋ ቋጠሮው ወደዚህ ያጋድላል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ጠራዥ ሁሉ እንደዚያ ነው። ይሄ ወደዚያ ነው። ግራኝ የሰፋው ነው። ደግሞ እዩት እንዴት እንደሚያጠብቅ፤ አንድ ቦታ አልላላም። በዚህ ከተማ እንዲህ የሚሰፋ ግራኝ አንድ ሰው ነው፤ ጋሽ ወስፌ።»

«እንግዲህ ተገኘ።»

«የት ተገኘ!» ሰውዬው ጥራዙን አስቀመጠው። «ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ጫማቸውን እጃቸው ላይ ሊያጠልቁ ሲታገሉ አየሁ። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። እሳቸው እንኳን መጽሐፍ፣ የኮታቸውን ቁልፍ አይቆልፉም።»

«አንተስ እሑድ የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል። የልጅ ልጄ ተወለደች። ነርሶቹን ጠይቋቸው፤ ሦስት ጊዜ ነው በጩኸቴ ያስወጡኝ።»

መርማሪው በመንገዱ ላይ ሆስፒታል ጎራ ብሎ ጠየቀ። አራት ጊዜ ነበር ያስወጡት።

*

የጋሽ ወስፌ ልጅ የሒሳብ መምህርት ናት። ቤቷ ንጹሕ፣ ጠረጴዛዋ በፈተና ወረቀት የተሞላ። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ቀጭን፣ ፀጉራቸው የተበጠረ፣ ለሰላምታ ሊነሱ አስበው እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ሽማግሌ።

መርማሪው ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ወረቀት በመቀስ እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳዩኝ እስኪ።»

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አነሱ። ሁለት ጣቶቻቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረጉ፤ ጣቶቹ ራሳቸው መቀስ ሆኑ። ከዚያ አቆሙና እጃቸውን የጎረቤት ሰው እጅ ጭናቸው ላይ እንደተረሳ ሁሉ አዩት።

ማበጠሪያ ሰጣቸው። ወስደው አገላበጡትና ጥርሳቸው ላይ ማሸት ጀመሩ። ማንኪያ ሰጣቸው፤ በጎድጓዳው በኩል ያዙት። «ደህና ሁን ይበሉኝ፣ በእጅዎ» አላቸው። እጃቸው ተነሳ፣ አየር ላይ ቆመ፣ መንገዱን አጣ፣ ጆሯቸውን ነካ።

«ይቅርታ፣ ልጄ» አሉት። «እጄ ዛሬ አልመጣም።»

«ጨረሱ?» አለች ልጃቸው። «አባቴ ትርኢት አይደለም።»

መርማሪው ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ፤ አፈረ። ወደ ኮሪደሩ ተከተላት።

«ሊወስዱብኝ ነው?» አለችው። «እኔ ካልነገርኩት ሌሊቱና ቀኑ የሚምታታበት ሰው እኮ ነው። አንድ ቀን በእስር ቤት ቢያድር ይሞትብኛል።»

«ማንንም አልወስድም። እሑድ ዕለት ስለነበረው ብቻ ይንገሩኝ።»

«እሑድማ ኃላፊው መጥቶ ወሰደው፣ እንደ ወትሮው። ወንድም የለኝም፤ እሱ ግን ወንድም ሆኖኛል። በስምንት ሰዓት ወስዶት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መለሰው። እንዲያውም ደስ ብሎት ነው የገባው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። ከወራት በኋላ እኔም ተኛሁ።»

«ሌላ ያዩት ነገር የለም?»

«ምን አያለሁ? የሸሚዙ እጅጌ በደረቀ ዱቄት ተለጣጥፎ ነበር። ሻይ ቤት ብስኩት ነክሮበት ይሆናል ብዬ አጠብኩት።»

መርማሪው ይህን ጻፈ። ለምን እንደጻፈው በዚያን ጊዜ ራሱም አያውቅም።

*

ጋሽ ወስፌን የምትከታተለው ዶክተር በሁለት በሽተኛ መካከል አሥር ደቂቃ ሰጠችው፤ ቆማ።

«እያስመሰሉ ይሆን?» አላት።

«የሚያስመስል ሰው 'አላውቅም' ብሎ ማበጠሪያውን ይጥልልሃል። ማበጠሪያን ጥርስ ላይ መውሰድ፣ ጣትን መቀስ ማድረግ፣ ይህን እኛ ነን በየቀኑ የምናየው። ጡንቻው ደህና ነው፣ የምትለውንም ይሰማል። የጠፋው በ'ላድርግ'ና በእጁ መካከል ያለው መንገድ ነው።»

«ስለዚህ መጽሐፍ ሊሰፉ አይችሉም።»

«እንደዚያ አላልኩም» አለች ዶክተሯ። «አንተ ጠየቅሃቸው። መጠየቁ ነው የሚያጠፋቸው። ጥርስህን ቦርሽ ሲሉት የሚደናገር ሰው፣ ጠዋት መታጠቢያው ፊት ስታቆመው ዝም ብሎ ሲቦርሽ አይቻለሁ። የለመደው ወንበር፣ የዕቃው ክብደት፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ፤ አንዳንዴ እጅን እነዚህ ይጠሩታል። ሁሉም በሽተኛ ላይ አይሆንም፤ የሆነበትም ላይ ለዘለቄታው አይቆይም። ግን አይቻለሁ።» የሚቀጥለውን በሽተኛ ካርድ አነሳች። «ባየሁት ቁጥር ደግሞ ፀጉሬ ይቆማል።»

*

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ መርማሪው ሁሉንም በመዝገብ ቤቱ ጓሮ በኩል ባለው የመጠረዣ ክፍል ሰበሰበ። ጋሽ ወስፌ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የተዘጋ ክፍል ነው። መደርደሪያው ላይ የጣት ምልክት የሚያስቀር አቧራ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አልነበረም።

«አልፎ አልፎ አስጠርገዋለሁ» አለ ኃላፊው ሳይጠየቅ።

የጋሽ ወስፌ የቀድሞ ተማሪ ጠዋት መጥቶ መሣሪያውን እንደ ጥንቱ ደርድሮ፣ የዱቄቱንም ሙጫ አብስሎ ወደ ልጅ ልጁ ሄዷል። ልጃቸው አባቷን አስገብታ የጥንቱ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው። መዝገብ ጠባቂዋ የልብስ ቦርሳዋን ይዛ ጥግ ቆመች። መርማሪው ሰባተኛውን ጥራዝ ብብቱ ሥር እንደያዘ ማህደሩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠ። ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

ስፌቱ የተበጣጠሰ አሮጌ መዝገብ ፊታቸው አደረገና «ጋሼ፣ ይህን ይስፉልኝ» አላቸው።

ሽማግሌው ወስፌውን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ሊጽፉበት ሞከሩ። መርፌ ሲሰጧቸው በጥንቃቄ ኮታቸው ላይ ሰኩት። ክሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ፈቱት፣ ጠመጠሙት። ግንባራቸው ላብ አወጣ።

«እጄ...» አሉ።

«ምስኪን» አለ ኃላፊው። «ይበቃል፤ አታሠቃዩት።»

ልጃቸው ተነሳች። መርማሪው ትንሽ ተስፋ ብቻ ይዞ መምጣቱን፣ ከዚህ ሲወጣ የሚጠብቀውንም ሥራ አሰበ።

በዚህ ጊዜ መዝገብ ጠባቂዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ማንንም ሳታስፈቅድ የተበጣጠሰውን መዝገብ አነሳችና በሽማግሌው ግራ በኩል፣ ትንሽ አዘንብላ አስቀመጠችው። የጠረጴዛውን መብራት አበራች። ከዚያ በቀላል ድምፅ፣ ሃያ ዓመት ስትለው የኖረችውን አለች።

«ይሄ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል።»

ብላም ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሌላ ሥራ እንዳለባት ሰው ወደ መደርደሪያው ሄደች። ሌሎቹን በእጇ ጠቀሰቻቸው፤ ሁሉም ዞሩ። መርማሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። በመስታወቱ ውስጥ ሽማግሌው ይታዩት ነበር።

መጀመሪያ የተቃናው ጀርባቸው ነው። ከዚያ ግራ እጃቸው ወደ ኮታቸው ሄዶ መርፌውን ነቀለ። ክሩን ሰሙ ላይ ሁለት ጊዜ ሳቡት፣ በሁለት ጣት መካከል አሳለፉት፣ በአንድ ሙከራ አሾለኩት። የመጀመሪያውን እጥፋት አነሱ፣ በጠረጴዛው ላይ ጠርዙን መታ መታ አድርገው አስተካከሉ፣ ሰፉ። መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ ገመዱን ዞረ፣ ገባ። በየእጥፋቱ ጫፍ ቋጠሮ፣ በየቋጠሮው በአውራ ጣት ጫን። አይቸኩሉም፣ አይዘገዩም። ዓይናቸው እጃቸውን የማይከታተልበት ጊዜ ሁሉ ነበር፤ እጁ ግን አልጠበቃቸውም።

ማበጠሪያ ጥርሳቸው ላይ የወሰዱት እኚህ ሰው ናቸው። መርማሪው ይህን ለራሱ ደጋግሞ ቢነግረውም ሊያምን አልቻለም። ሰው ራሱን ሳያውቅ ይህን ያህል ያውቃል እንዴ? ልጃቸው ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ሰዓቱን የሚያይ አልነበረም።

ስፌቱ አለቀ። ሽማግሌው ብሩሹን ሙጫው ውስጥ ነክረው የመጽሐፉን ጀርባ ቀቡ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ሳያዩት ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄደ፤ የወዳደቀ ወረቀት ይቀመጥበት የነበረው ቅርጫት ቦታ ነው። ቅርጫቱ የለም። እጁ ቀጠለ። የመርማሪውን ማህደር አገኘ፣ ከፈተ፣ ከላይ ያለውን ወረቀት አወጣ። ጎበጥ አድርገው ወረቀቱ በየት በኩል ለመታጠፍ እንደሚታዘዝ ሞከሩት፣ መቀሱን አነሱ፣ በሦስት ረጅም ቁራጭ ቆረጡት።

የእስር ማዘዣው ነበር።

መርማሪው «ኧረ!» ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው። ሽማግሌው የአዛዡን ፊርማ ሙጫ ቀብተው መጽሐፉ ጀርባ ላይ ለጠፉት፣ በላዩ ማኅተሙን ደረቡ፣ በላዩ የመዝገብ ጠባቂዋን ስም። ከአጥንት በተሠራችው ማለስለሻ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ዳጡት።

«ልማዳቸው ነው» አለች መዝገብ ጠባቂዋ በሹክሹክታ፤ ስሟ እንዳለበት አላወቀችም። «የመጽሐፍ ጀርባ በወረቀት ይጠነክራል፤ ጋሽ ወስፌ ደግሞ አዲስ ወረቀት አያባክኑም። ጠረጴዛቸው ላይ የተረሳ ወረቀት ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ነው የሚገባ። የዓመት ፈቃድ ቅጼን አምስተኛው ጥራዝ ውስጥ ለጥፈውት ያን ዓመት ሳላርፍ ቀርቻለሁ።»

መርማሪው ቀስ ብሎ ዞረ። ከሰባተኛው ጥራዝ የወጣ አንድ ሉህ አለ። ሌባው ሲያወጣው የት አስቀመጠው? ሌላ ጠረጴዛ የለም። ኃላፊውን ሊጠይቀው ቀና ሲል፣ ሰውዬው ሽማግሌውን አያይም፤ የሚያየው በመርማሪው ብብት ሥር ያለውን ጥራዝ ነበር። ከፊቱ ላይ ደም የሚባል አልቀረም።

«እርጥብ ጨርቅ» አለ መርማሪው።

*

የዱቄት ሙጫ ደግ ነው፤ ውኃ ሲነካው ይለቃል። መዝገብ ጠባቂዋ የሰባተኛውን ጥራዝ ጀርባ አርጥባ፣ ጠብቃ፣ በጥፍሯ እያነሳች ቁራጮቹን አንድ በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረቻቸው። ሲገጣጠሙ ሙሉ ሉህ ሆኑ፤ ገጽ ሰማንያ ሰባት። ጥቁሩ የጥንት ቀለም ፈዘዝ ብሎ ይነበባል። ሁለት ፎቅ ያለው አንድ ቤት፣ ባለቤቶቹ ወንድምና እህት፣ እኩል ለእኩል። ጥራዙ ውስጥ ባለው ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ግን ወንድምየው ብቻ ነው ያለው።

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ የሚያበራ ጫማውን እያየ።

«እናቴን አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ቤት ያስታመምኩ እኔ ነኝ» አለ ኃላፊው። «እህቴ ለቀብሯ ነው የመጣችው። አሁን ግማሹ የኔ ነው ትላለች።»

«ጋሽ ወስፌስ?»

«እሱን ያመጣሁት ለክፋት አልነበረም። እዚህ ቢቀመጥ ደስ ይለው ይሆናል ብዬ ነው፣ ከዓመት በፊት። ዞር ስል መስፋት ጀመረ። የዚያን ቀን እኔም አልቅሻለሁ፤ እመኑኝ።» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ሐሳቡ በኋላ ነው የመጣው። አዲሱን ሉህ አጠናቅቄ ጻፍኩ፣ አሮጌውን አወጣሁ። እሱ ሰው እያየው አይሠራም፤ በሩ ላይ ልቆም ወጣሁ። ስመለስ መጽሐፉ አልቋል፣ አሮጌው ሉህ የለም። ወለሉን በጉልበቴ ፈለግሁት። 'የት አደረግኸው?' ብዬ ጠየቅሁት፤ እጁን አገላብጦ አሳየኝ።»

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን አላዩትም?»

«ምኑን?» አለ ኃላፊው። ተዘቅዝቆ እንደነበረም አያውቅም። በቤቱ ሃያ ዓመት ኃላፊ ሆኖ፣ ያን ገጽ አንድ ቀን ከፍቶት አያውቅም።

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሽማግሌው ቀና ብለው «ደህና ዋል» አሉት፤ ወዳጃቸውን የሸኙ መስሏቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አዛዡ ደወሉ።

«ማዘዣውስ?»

«መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል፣ ጌታዬ» አለ መርማሪው። «ሰውየውን ግን ይዘናል። ቀስ ብለው ይስሙኝ፤ አስረዳለሁ።»

መዝገብ ጠባቂዋ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ክፍሏ ሄደች። በሩ ላይ ሲጠብቁ የቆዩ ባለጉዳዮች ነበሩባት።

*

ልጅቷ አባቷን ኮታቸውን አልብሳ፣ ቁልፉን ቆልፋላቸው፣ ለመሄድ ተዘጋጅታ ሳለ ወደ መርማሪው ዞረች።

«የሰፋው እሱ ነው ብለው ይጽፋሉ?»

«የሆነውን እጽፋለሁ» አላት። «እጃቸው ሰፍቷል፤ ማን እንዳሰፋቸውም ተገኝቷል። እሳቸውን የሚጠይቅ ሰው ካለ መጀመሪያ እኔን ይጠይቃል፤ ከእኔ ቀጥሎ ዶክተሯን።»

ትንፋሿን ለቀቀች። መርማሪው ግን አልሄደም፤ አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። ሰባተኛውን ጥራዝ ከፍቶ፣ የስፌቱ ጫፍ እንዲታይ አድርጎ በሽማግሌው ጉልበት ላይ አስቀመጠው። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን በቋጠሮዎቹ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳለፉ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፣ ጫን አሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው የሌላ ሰው ጥሩ ሥራ እንዳየ ባለሙያ በራ።

«ጋሼ» አላቸው መርማሪው፣ ጎንበስ ብሎ። «ይህን ማን ነው የሠራው?»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። ፈለጉ፤ አላገኙትም።

«አላውቀውም፣ ልጄ» አሉ። «ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። እጁ ይባረክ።»

ልጃቸው ጎንበስ ብላ ሁለት ዓመት ስታጥበው፣ ጥፍሩን ስትቆርጥለት፣ ማንኪያ ስታስጨብጠው የኖረችውን ግራ እጅ ያዘች።

«አሜን» አለችለት።